ሰላሳ ዘጠኝ፣ እኔ፣ አርባ አንድ

ከዓርብ ወዲህ እንቅልፍ የሚባል አልነካኝም። ዛሬ እሑድ ነው፤ የጎረቤቶቼ ልጆች ውጭ ውሃ እየተረጫጩ ይጮኻሉ፣ የተጠበሰ ሥጋ ሽታ በመስኮቴ ይገባል፣ ብሪዝበን በሙቀት ቀልጣለች፣ እኔ ደግሞ መጋረጃዬን ግጥም አድርጌ ዘግቼ አልጋዬ ጠርዝ ላይ ተቀምጬ እቆጥራለሁ። ሰላሳ ሰባት። ሰላሳ ስምንት። ሰላሳ ዘጠኝ። እዚህ ስደርስ ምላሴ ይታሰራል። እንደገና ከአንድ እጀምራለሁ። አንቺ ሴትዮ ዶክተር ነሽ እኮ እላለሁ ለራሴ፣ ስምሽ በመጽሔት ታትሟል፣ አዳራሽ ሙሉ ሰው ፊት ቆመሽ ስለ እርግዝናና ስለ ደም ግፊት አውርተሽ ተጨብጭቦልሻል፣ እንዴት አንድ ቁጥር መጥራት ያቅትሻል? አርባ በይ። በይ እንጂ! አልልም። አርባ ካልኩ የሆነ ሰው አቤት የሚለኝ ይመስለኛል።

ዓርብ የደወለችው ሜሬዋይ ናት፣ የወንድሜ ሚስት። ወንድሜ ኤሮኒ ራሱ አይደውልልኝም፤ በእኛ ደሴት ወንድምና እህት ካደጉ በኋላ ቀልድ የለ፣ ዓይን ለዓይን መተያየት የለ፣ አንቱ ተባብሎ በክብር መራራቅ ነው፤ ቀልዱም ስድቡም የወንድም ሚስት ድርሻ ነው። ሜሬዋይ ደግሞ ድርሻዋን አታስቀርም። «አንቺ ፈረንጅ! ዛሬም ባል አላገኘሽም?» ትላለች ገና ሃሎ ሳልል። «ወንድሜን ወስደሽብኝ ከየት ላምጣ?» «ውሰጂው፣ በወሰድሽልኝ፣ ሲያንኮራፋ ጣሪያው ይነሳል።» እንዲህ እየተባባልን አሥር ደቂቃ እንስቃለን። ከዚያ፣ «ስሚማ፣ ሞክሼሽ ያደረገችውን ብነግርሽ በሳቅ ትሞቻለሽ» አለችኝ። ሞክሼዬ ልጃቸው ናት፤ አምስት ዓመት ተኩሏ ነው፣ ኡናይሲ ነው ስሟ፣ በእኔ ስም ነው ያወጡላት። መምህሯ ዛጎል ደርድራ እስከ ሃምሳ አስቆጠረቻቸው። ሞክሼዬ ሰላሳ ስምንት አለች፣ ሰላሳ ዘጠኝ አለች፣ ከዚያ እጇን ደረቷ ላይ አድርጋ «እኔ» አለች፣ ከዚያ አርባ አንድ ብላ ቀጠለች። አሥር ጊዜ አረመቻት፤ አሥር ጊዜም ያው። «አርባ በይ ስትላት ምን ብትላት ጥሩ ነው? አርባማ እኔ ነኝ! ሆዳችንን ይዘን ሳቅን እኮ» አለችኝ ሜሬዋይ። እኔም ሳቅኩ። ስቄ ስቄ ስልኩን ስዘጋ ግን ወጥ ቤቱ ወለል ላይ ቁጭ አልኩ።

እውነቷን ነው፤ አርባ እሷ ናት። ይህን የሚያውቅ ሰው በዓለም ላይ አንድ ብቻ ነበር፣ እሱም እኔ ነኝ። ኮምፒዩተሩ እንኳ የሚያውቃት በረጅም ኮድ ነው። አርባ የሚለው ቁጥር ያለው አንድ ቦታ፣ በአንዲት የፕላስቲክ ብልቃጥ ላይ፣ በእኔ እጅ ጽሑፍ፣ ከዜሮ በታች ሰማንያ ዲግሪ በሚቀዘቅዝ ፍሪዘር ውስጥ፣ ሦስተኛው መደርደሪያ ላይ ነው።

ከየት ልጀምር። ታላቅ እህቴ ቫሲቲ የሞተችው ጀልባ ላይ ነው። የስምንት ወር እርጉዝ ነበረች፣ እግሯ አብጧል፣ ራሷን ያማታል፣ ዓይኔ ላይ ብልጭ ብልጭ ይላል ትላለች፣ እማዬ ደክሟት ነው ትላለች፣ ማን ያውቃል። ከደሴታችን እስከ ዋና ከተማው ሱቫ በሞተር ጀልባ ስድስት ሰዓት ነው፤ በአራተኛው ሰዓት ተንቀጠቀጠች፣ ጥርሷን ነከሰች፣ በቃ። ልጇም አብሯት ሄደ። ጭንቅላቷን ጭኔ ላይ ይዣለሁ፣ አሥራ ስድስት ዓመቴ ነው፣ የባሕሩ ውሃ ፊቷ ላይ ይረጫል፣ እየጠረግኩ ነው፣ መሞቷን ሳላውቅ ፊቷን እየጠረግኩላት ነው። ለዚህ ነው እንግዴ ልጅ ላይ የምሠራው። ሌላው ሰው ሕፃኑን አይቶ እልል ሲል እኔ ከሕፃኑ ቀጥሎ የሚወጣውን እጠብቃለሁ፤ ቫሲቲን የገደላት ያ ክፉ የደም ግፊት የሚነሳው እናትና ልጅ ከሚገናኙበት ከዚያ ቀይ ሥጋ ነው። እዚያ ውስጥ ቀድሞ የሚታይ ምልክት ካገኘሁ አንዲት ሌላ ቫሲቲ ጀልባ ላይ አትሞትም፤ ሕይወቴን በሙሉ ያዋልኩት ለዚህ ነው፣ በዚህስ አላፍርም።

ናሙናዬን የሰበሰብኩት ሱቫ ነው፣ ከአንድ ሆስፒታል። ግፊት የያዛቸው አርባ እናቶች፣ ጤነኞች አርባ፣ ለያንዳንዷ ታማሚ አንዲት ጤነኛ ጥንድ። ወደ ብሪዝበን ልመለስ አንድ ቀን ሲቀረኝ ጤነኞቹ ሰላሳ ዘጠኝ ነበሩ። አንዷን ከየት ላምጣ ብዬ ጥፍሬን ስበላ ሜሬዋይ ለመውለድ ከደሴቱ መጣች፣ እንዲያው እግዜር የላከልኝ ነው የመሰለኝ። ከእንግዴ ልጇ ናሙና ለመውሰድ የፈቃድ ፎርሙን ሰጠኋት። እያማጠች ነው የፈረመችው፣ በሳቅና በጩኸት መሃል፤ «የአውራ ጣት ያህል ውሰጂ፤ ሌላውን ከነእትብቱ ወደ ቤት ታመጪልኛለሽ፣ ትሰሚያለሽ አንቺ ሌባ?» አለችኝ። መቼም በእኛ ዘንድ እንግዴ ልጅ የትም አይጣልም። የአባት እህት ተሸክማ ትወስደዋለች፣ ከአባቱ ቤት ጎን ትቀብረዋለች፣ ላዩ ላይ ችግኝ ትተክላለች። እትብቱ ያልተቀበረለት ልጅ አንድ ቦታ አይረጋም፤ አንድ የጎደለው ነገር እንዳለ ሲፈልግ፣ ሲወጣ ሲወርድ ይኖራል። ዛፍ ላይ የሚንጠላጠል አስቸጋሪ ልጅ ሲያዩ ትልልቆቹ «የዚህስ እትብቱ የት ወድቆ ይሆን?» ብለው ይስቃሉ። እኔም ስቄ አውቃለሁ።

የሆነው እንዲህ ነው። ዘጠኝ ሰዓት ተኩል ላይ ወለደች፣ ናሙናውን ወደ አየር ማረፊያ የሚወስደው መኪና አሥር ሰዓት ላይ ይነሳል፣ ሹፌሩ ታች ሆኖ ጥሩምባውን ይነፋል። ሰላሳ ዘጠኝ ጊዜ የሠራሁትን ሠራሁ። መዘንኩ፣ አጠብኩ፣ ከአምስት ቦታ ቆረጥኩ፣ በአምስት ብልቃጥ ከተትኩ፣ ቁጥሯን ጻፍኩ፣ ደረቅ በረዶው ውስጥ ቀበርኩ፣ የተረፈውን እጄ አንስቶ ወደ ማቃጠያ የሚሄደው ቢጫው ባልዲ ውስጥ ጣለው። እጄ ነው የምለው። ሰላሳ ዘጠኝ ጊዜ እንደዚያ አድርጓል፣ ለምዷል፣ ማንን እንደያዘ አልጠየቀም። ሳጥኑን ይዤ ወረድኩ፣ መኪናው ሄደ፣ እፎይ ብዬ እማዬ እንግዴ ልጁን እንድይዝበት የላከችልኝን የብስኩት ቆርቆሮ ከቦርሳዬ አውጥቼ እያፏጨሁ ተመለስኩ። አዎ፣ እያፏጨሁ! ባልዲው ታጥቦ ተደፍቷል። የጽዳት ሠራተኛው፣ ደግ ሽማግሌ፣ «ወስጄዋለሁ ዶክተር፣ ዛሬ ቀድሜሻለሁ» አለኝ፣ ሊያስደስተኝ። በመስኮት ሳይ ከሆስፒታሉ ጀርባ ካለው የማቃጠያ ጭስ ማውጫ ነጭ ጭስ ይወጣል፤ ወደ ባሕሩ ያዘነብላል። እስኪያልቅ ድረስ ቆሜ አየሁት።

ያኔ ነበር መናገር። ሜሬዋይ ክፍል ገብቼ አጥፍቻለሁ ይቅር በይኝ ማለት ነበረብኝ፣ ሁለት እርምጃ ነው። በሩን ስከፍት ልጇን ታቅፋ «ስሟን ማን እንዳልናት ገምቺ» አለችኝ። ምን አባቴ ልበል? ቆርቆሮው ውስጥ የቁስል መሸፈኛ እርጥብ ጎዝ ሞላሁ፣ በጓንት ጠቀለልኩ፣ ክዳኑን በፕላስተር ዙሪያውን አሸግኩ፣ በማግስቱ የብሪዝበኑን በረራ ትቼ በጀልባ ይዤው ሄድኩ። ስድስቱን ሰዓት ሙሉ ጭኔ ላይ አስቀምጬው፣ ልክ እንደ ቫሲቲ ጭንቅላት። በደሴታችን የዳቦ ፍሬ የሚባለው ዛፍ ችግኝ ተዘጋጅቷል፣ ጉድጓዱ ተቆፍሯል፣ ዘመድ ሁሉ ቆሟል፣ አጎቴ ኢሶአ፣ የቤተ ሰባችን ትልቅ፣ ነጭ ሸሚዙን ለብሷል። ሥርዓቱ እንደዚህ ነው፤ በዕድሜ ትልቋ ሴት ጉድጓዱ አፍ ላይ ትቆምና ተሸካሚዋን ሦስት ጊዜ «ይከብዳል?» ብላ ትጠይቃታለች። ተሸካሚዋ ሦስት ጊዜ «ይከብዳል» ትላለች። ክብደት ያለው ልጅ ነፋስ አይወስደውም፣ ማዕበል አይወስደውም ማለት ነው። ጠያቂዋ እማዬ ነበረች። ይከብዳል? ይከብዳል አልኩ። ሁለተኛውን ስትጠይቀኝ ከፊቴ ላይ ዓይኗን አላነሳችም። ሦስተኛውን ስመልስ ምን እንደሆንኩ አላውቅም፣ ክንዴ ዛለ፣ ቆርቆሮው ወደ ታች ጎተተኝ፣ በእናቴ እምላለሁ ጎዝና ጓንት እንደዚያ አይከብድም። በሁለት እጄ አቅፌ በጉልበቴ ተንበርክኬ ነው ያስቀመጥኩት። ሰዎቹ የአክስት ፍቅር ነው አሉ።

ዛፉ እንደ ጉድ አደገ፤ ከቤቱ ጣሪያ በለጠ። አንድ ፍሬ ግን አልያዘም። ልጅቷም መሄድ ጀመረች። እግር እንዳወጣች ነው ወደ ባሕሩ መሄድ የጀመረችው፤ ወደ ባሕር ማለት ደግሞ ሁልጊዜ በአንድ በኩል ነው፣ በምዕራብ። ካርታ አውጥቼ አይቻለሁ፣ በዚያ በኩል ያለችው ብሪዝበን ናት፤ ማየት አልነበረብኝም። የዛሬ ሁለት ዓመት መጋቢት ላይ ሥራ ላይ ሆኜ ስልኬ ተንጫጫ፤ የፍሪዘሩ ማስጠንቀቂያ ነው፣ ሞተሩ ተበላሽቶ ሙቀቱ እየጨመረ ነው። ሮጥን፣ አስተካከልን፣ ምንም አልጠፋም። ማታ እማዬ ደወለች፤ ከቀትር ጀምሮ ሞክሼሽን ትኩሳት አንገበገባት፣ አሁን ግን በረደላት አለችኝ። አጋጣሚ ነው አልኩ። ባለፈው ዓመት ቤተ ሙከራችን ከሁለተኛ ፎቅ ወደ አምስተኛ ተዛወረ፤ የዚያን ዕለት ልጅቷ ዛፉ ጫፍ ላይ ወጥታ አልወርድም ብላ አደረች። አጋጣሚ ነው። ከዚያ ወዲህ ግን ደብተር ገዛሁ። በአንድ ዓምድ ፍሪዘሩ የተከፈተበትን ቀንና ሰዓት፣ በሌላው ከሜሬዋይ ወሬ መሃል በዘዴ የማወጣውን የልጅቷን ውሎ እጽፋለሁ። «ማክሰኞ ዕለት እንዴት ዋለች?» እላለሁ እንደ ዋዛ። «ማክሰኞማ ቀትር ላይ በረደኝ ብላ ጥርሷ ተንቀጫቀጨ፣ እኛ በላብ ተጠምቀን!» ትላለች። አሥራ አንድ ጊዜ። አሥራ አንድ ቀን፣ አሥራ አንድ ልክ። ተማሪዬ እንዲህ ያለ ነገር ይዞ ቢመጣ በአንድ ልጅ ምንም ማለት አይቻልም፣ ሂድና ሌላ ሥራ ፈልግ ብዬ አባርረዋለሁ። ደብተሩን አልጣልኩትም፤ ትራሴ ሥር ነው።

አንድ ቀን ራሷ ስልኩን ተቀብላ፣ «ሞክሼ፣ እናንተ ቤት ሰው ብዙ ነው አይደል?» አለችኝ። ብቻዬን ነኝ የምኖረው አልኳት። «ኧረ ብዙ ነን» አለችኝ። «ነን» ነው ያለችው፣ በደንብ ሰምቻታለሁ።

ከአምስቱ ብልቃጥ አራቱን ጨርሻቸዋለሁ። ፈጭቻቸዋለሁ፣ ቀቅያቸዋለሁ፣ ስሜ የታተመበት ጽሑፍ ከእነሱ ነው የወጣው። አንዷ ቀረች። እሷም ከነገ ወዲያ ማክሰኞ ትፈጫለች፤ አለቃዬ ግሌኒስ ቀን ቆርጣለች፣ የገንዘብ ሰጪዎቹ ቀነ ገደብ አለ፣ ሰማንያው ሁሉ የሚገባበት የመጨረሻው ሙከራ ነው፣ አንድ ጥንድ ከጎደለ ሦስት ዓመት ውሃ በላው ማለት ነው። ምልክቱ እዚያ አለ፣ ይሸተኛል። በቫሲቲ ስም ነው የምለፋው። ማክሰኞ ግን ያቺ የቀረችው ስትፈጭ ልጅቷ ምን ትሆናለች? ይኸው፣ አልኩት። ከዓርብ ጀምሮ ያላስተኛኝ ይኸው ነው።

ስልኬ ሲጮህ ዘለልኩ። ሦስት ሰዓት ተኩል ነው፣ እነሱ ጋ አምስት ተኩል። ስሙን አየሁ፤ ኤሮኒ ነው። ኤሮኒ ራሱ።

«እህቴ፣ ደህና አደሩ?» አለኝ። ድምፁ ደርቋል።

«ደህና ነኝ ወንድሜ። ምን ሆኑ?»

«ልጅቷ ጠፋች። ቤተ ክርስቲያን መዝሙር ላይ ነበርን፣ እናቷ ጎን ነበረች፣ ተቀመጡ ሲባል የለችም። ታንኳ አልጠፋም። ወንዱ በሙሉ ባሕሩ ዳር ነው።» ነፋስ ይሰማኛል። «ይቅርታ አንድ ነገር ልጠይቅዎ። አጎታችን ኢሶአ ዛፉ ሥር ይቆፈር ብለዋል። አይጥ አውጥቶት እንደሆነ፣ ውሃ ወስዶት እንደሆነ ይታይ ብለዋል።»

«ዛሬ? በሰንበት?»

«በሰንበት።»

በእኛ መንደር እሑድ እንጨት አይፈለጥም፣ መረብ አይጣልም፣ ልጅ ሲሮጥ ይቆጡታል። አጎቴ ኢሶአ በሰንበት አካፋ አንሱ ካለ ልጅቷን ሞታለች ብሎ ፈርቷል ማለት ነው። «በጥልቀት ነው አይደል የቀበሩት? እርስዎ ያስቀመጡት እንደ ሥርዓቱ ነው አይደል?» አለኝ ወንድሜ፣ አደራ የሚለምን ሰው ድምፅ ነው። አፌን ከፈትኩ። «እንደ ሥርዓቱ ነው» አልኩት። አልኩት! ልጁ ጠፍታበት፣ ውሃ ዳር ቆሞ፣ አሁንም ዋሸሁት። ምን ዓይነት ሰው ነኝ እኔ?

ከዚያ ወደ ቤተ ሙከራው የሚሄድ አውቶቡስ ውስጥ ነኝ። እንዴት እንደለበስኩ አላስታውስም፣ አንዱ ጫማዬ ካልሲ የለውም። የእሑድ አውቶቡስ በየሰዓቱ ነው፣ በየፌርማታው ይቆማል፣ አንዲት አሮጊት የአበባ ኮፍያ አድርጋ ትስቅልኛለች፣ ወንዙ በቀኝ በኩል ቡናማ ሆኖ ይፈሳል፣ እኔ የጀልባ ሞተር ድምፅ ነው የሚሰማኝ፣ ጭኔ ይከብደኛል፣ ቫሲቲ ዓይንሽን ክፈቺ እላለሁ፣ ጮክ ብዬ ነው መሰለኝ አሮጊቷ መሳቋን አቆመች። በሩ ላይ ካርዴን አሳየሁ፣ አምስተኛ ፎቅ፣ መተላለፊያው ጭር ብሏል። ፍሪዘሮቹ ተደርድረው ያጉረመርማሉ። በሥራ ቀን አይሰማም ይህ ድምፅ፤ ዛሬ ግን ከንፈር ገጥሞ የሚያዜም መዘምራን ነው የሚመስለው፣ የእኛ ቤተ ክርስቲያን መዘምራን መዝሙር ከመጀመራቸው በፊት ድምፅ ሲያገጣጥሙ።

የእኛ ፍሪዘር ሳይጠየቅ አይከፈትም። ካርድ፣ የይለፍ ቃል፣ የናሙና ኮድ፤ ከዚያ የፍሪዘሩ ማያ ገጽ ላይ የተወሰደበት ምክንያት ይላል። ለትንተና፣ ለማዛወር፣ ለማስወገድ፣ ሌላ። ሌላ የሚለውን ነካሁ። ይግለጹ አለኝ። ይግለጹ! ምኑን ልግለጽለት? ወደ ቤቷ ብዬ ጻፍኩ። ተቀበለኝ፤ በሩ ጠቅ ብሎ ተከፈተ፣ ነጩ ብርድ እግሬ ላይ ፈሰሰ፣ ሦስተኛው መደርደሪያ፣ ሳጥን ሁለት፣ ከታች ያለው ረድፍ። በረዶውን በአውራ ጣቴ ስጠርገው የእጅ ጽሑፌ ወጣ። አርባ። ጓንት አላደረግኩም። ጨበጥኳት። ብርዱ እንደ ፍም አቃጠለኝ፣ ልጥላት ምንም አልቀረኝም፤ አልጣልኳትም፣ ሌላውን እጄን ደርቤ ደረቴ ላይ አስጠጋኋት። ማያው ላይ ስድስት ሰዓት ከአሥራ አራት ይላል። የሚመለስበት ቀን ይላል ደግሞ። ይህ ሳይሞላ ገጹ አይዘጋም። በየግማሽ ደቂቃው አንድ ጊዜ ጢጥ ይላል፣ መልሺልኝ እያለ።

ስንት ጢጥ እንደቆምኩ እንጃ። ስልኩ ጮኸ። የኤሮኒ ቁጥር ነው፤ የምትናገረው ግን ሜሬዋይ ናት፣ እያለቀሰችም እየሳቀችም። «ተገኘች! ተገኘች አንቺ ሴት! ኮራል ድንጋዩ ላይ፣ እዚያ ማዶ፣ ውሃው ደረቷ ደርሶ ወደ ጥልቁ እየሄደች። ወንድምሽ ጮኸ፣ ሁላችንም ጮኽን፣ ዞር አትልም። ከዚያ አንድ ሰው እጇን የያዛት ይመስል ቀጥ አለች። በራሷ ዞራ መጣች። አሁን፣ አሁን ነው፣ ከአሥር ደቂቃ በፊት።» ሰዓቴን ማየት አልፈለግኩም። አየሁ። ስድስት ከሃያ አምስት ነው። እግዚአብሔር ይመስገን፣ እግዚአብሔር ይመስገን እላለሁ፣ ጥርሴ ይንቀጫቀጫል።

«ስጪኝ፣ እኔ ላናግራት» የሚል ትንሽ ድምፅ ሰማሁ። «ሞክሼ?»

«ወዬ የኔ እናት።»

«እጅሽ ይሞቃል» አለችኝ።

እዚያ ሰው ሁሉ ይንጫጫል፣ ዶሮ ይጮኻል፣ እዚህ ፍሪዘሮቹ ያዜማሉ። «ቁጠሪልኝ እስቲ» አልኳት እንደ ምንም። ከሰላሳ አምስት ጀመረች፣ እየተኮላተፈች። ሰላሳ ሰባት። ሰላሳ ስምንት። ሰላሳ ዘጠኝ። «አርባ» አለች። ቀለል አድርጋ ነው ያለችው። «አርባ አንድ።»

«አርባ እኔ ነኝ ስትዪ አልነበር?»

«እኔማ መጣሁ» አለችኝና ስልኩን ጥላ ሮጠች። እግሮቿ መሬቱን ሲመቱ ሰማኋቸው።

ኤሮኒ ስልኩን አነሳ። ድምፁ ተመልሷል፣ ሊስቅ ምንም አይቀረው፣ ክብሩ ያዘው እንጂ። «ከምስጋናችን ጋር እህቴ፣ ስላስጨነቅንዎ ይቅርታ። ቆርቆሮው ደህና ነው። ዝገት ብቻ ነው፣ ማንም አልነካውም። አልከፈትነውም። አጎታችን በቃ ድፈኑት ብለዋል።»

በቃ። ድፈኑት። አለቀ። ማንም ምንም አያውቅም፣ ሊያውቅም አይችልም። መዳፌን ስከፍት ብልቃጧ ላይ ያለው በረዶ ቀልጦ ውሃው በአንጓዬ ይወርዳል፤ ውስጧ ግን ገና ድንጋይ ናት። አሁኑኑ ከመለስኳት ትድናለች፣ ማክሰኞ ይደርሳል፣ ጥንዱ ይሟላል፣ ግሌኒስ ትስቃለች፣ ምልክቱ ይገኛል፣ አንዲት የማላውቃት ሴት ጀልባ ላይ አትሞትም። ማያው ጢጥ አለ። የሚመለስበት ቀን። ሞክሼዬ ግቢው ውስጥ ትሮጣለች፤ ማታ እናቷ አጠገብ ትተኛለች፤ ነገ ደግሞ ሰላሳ ዘጠኝ ብላ እጇን ደረቷ ላይ ታደርጋለች። አካፋ አፈር ሲያነሳ ሰማሁ፣ በስልኩ ውስጥ፣ ክርር ያለ ድምፅ።

«ወንድሜ፣ አይድፈኑት።»

«ምን አሉኝ?»

«አይድፈኑት። ክፈቱት። ጎዝ ነው ያለው። ጎዝና ጓንት ነው። እኔ ነኝ ያደረግኩት፣ ሌላውን አስቃጠልኩት፣ በእጄ፣ ስሕተት ነበር፣ ልነግራችሁ ፈራሁ፣ አምስት ዓመት ተኩል ፈራሁ።»

አካፋው ቆመ። የቆርቆሮው ክዳን ሲላቀቅ ሰማሁ፤ ከዚያ ንፋሱ ብቻ። ሰው አልጮኸም። ይጮኻሉ ብዬ ነበር።

«አንቺ» አለኝ ኤሮኒ። ከአሥራ ሁለት ዓመቴ ወዲህ አንቺ ብሎኝ አያውቅም። «ልጄን የት ነው ያስቀመጥሻት?»

«እጄ ላይ ናት። የቀረችው እጄ ላይ ናት።»

ስልኩ ከእጅ ወደ እጅ ሲያልፍ ይንኮሻኮሻል፣ ሜሬዋይ ከርቀት ስሜን ትጠራለች፣ ቀልድ የለበትም ድምፅዋ፣ ከዚያ እርጅና ያለበት ትንፋሽ ጆሮዬ ላይ መጣ። እማዬ ናት። ምንም አልጠየቀችኝም፤ ለምን አላለች፣ እንዴት አላለች። ያን ቀን ፊቴን እንዳየችው አሁንም በስልኩ ውስጥ የምታየኝ መሰለኝ።

«ይከብዳል?» አለችኝ።

ሁለት ግራም አትሞላም። በየቀኑ በደርዘን የማነሳት ዕቃ ናት። ክንዴ ግን እየወረደ ነው፣ በሌላው ደገፍኩት፣ ጉልበቴ መሬት ነካ፣ ከኋላዬ ማያው ጢጥ ጢጥ ይላል።

«ይከብዳል እማዬ።»

«ይከብዳል?»

«ይከብዳል» አልኩ፣ አለቀስኩ።

ሦስተኛውን ጠበቅኩ። አልመጣም። አፍንጫዋን ስትጠርግ ሰማሁ፣ ከዚያ ጉድጓዱን እንዳይደፍኑ ለወንዶቹ ስታዝዝ፣ ዝናብ እንዳይገባበት የጣሪያ ቆርቆሮ አልብሱት ስትል።

«የቀረውን» አለችኝ ወደ እኔ ተመልሳ፣ «እዚህ ጉድጓዱ አፍ ላይ ቆመሽ ትመልሺልኛለሽ።»